«የማን ነው?» የማይባል ብረት

ሸጎሌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት አለ። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ የሚሠራበት ተራ ብየዳ ቤት ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ልጆች አጠገባቸው ሆነው ሥራ ይማራሉ። እኔ የማውቃቸው የግቢያችንን በር ማጠፊያ ደጋግሜ ሳስበይድ ነው።

ጋሼ ለልጆቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። ቁራጭ ብረት አይጣልም። የተረፈ አንጎላሬ፣ የላሜራ ጫፍ፣ ሁለት ስንዝር ቱቦላሬ፣ የጎበጠ ፌሮ ሁሉ መለማመጃ ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ «በል እዚያ ላይ በይድ» ይሉታል። «እዚያ» የሚሉት ደግሞ ከግቢው ጥግ የቆመ አንድ ወፍራም ቱቦ ነበር። አንዱ ልጅ አንጎላሬ ይለጥፍበታል፣ ሌላው በላሜራ ያያይዘዋል፣ ሦስተኛው ፌሮ ያስገባበታል። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሲሆን ቆይቶ ነገሩ ከሰው ቁመት አለፈ። በአንድ በኩል ዘመም ያለ፣ በሌላው በኩል ክንፍ የመሰለ ነገር ያወጣ፣ ከፊሉ ዝጎ ከፊሉ አንቲረስት የነካው፣ ሲያዩት ዓይን የማይለቅ ነገር ሆነ። ከጀርባው የኮባ ተክል ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ጥላው ኮባው ላይ ይወድቃል።

በር ሊያሠራ የመጣ ሁሉ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ምንም አይደለም» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ሄጄ ብፈልገው የለም። ቆራሌው መጥቶ በኪሎ ገዝቶት ሄዷል። ጋሼ ብር ቸግሯቸው ነበርና ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ «ምንም አይደለም» የሚለው መልሳቸው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም በዚህ አገር ውስጥ ቆሞ «ምንም አይደለም» ሊባልለት የሚችል ሐውልት አላውቅም።

እስቲ አስቡት። እኛ ዘንድ ሐውልት ሲቆም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ያምራል ወይስ አያምርም የሚል አይደለም። «የማን ነው?» ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ነቀለ፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ደርግ ሌኒንን አቆመ፣ ግንቦት 1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በቀናት ውስጥ ሌኒን ወረደ። አቡነ ጴጥሮስ በ2005 ለባቡሩ መንገድ ሲነሱ ስንቱ ሰው «አይመለሱም» ብሎ አዝኖ ነበር፣ በ2008 ሲመለሱ ደግሞ ስንቱ አለቀሰ። በ2006 አርሲ ሔጦሳ ላይ የአኖሌ ሐውልት ሲመረቅ፣ ለአንዱ ወገን የተረሳ ሕመም መታሰቢያ፣ ለሌላው ደግሞ የክስ መዝገብ ሆኖ ታየ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ሐረር ላይ የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት ተገነደሰ። በዚያው ሰሞን፣ ከዚህ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው የለንደን ዊምብልደን፣ ካኒዛሮ በሚባል መናፈሻ ውስጥ ዛፍና አበባ መሐል ለዓመታት የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የደረት ምስል ተሰባበረ። ሰዎች ውሻቸውን የሚያናፍሱበት የአትክልት ቦታ ነው። ጠባችን እዚያም ድረስ ተከተለን።

ይህን ስል ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ሰው መታሰቢያው ላይ የሚጨክነው ወይም የሚያለቅሰው ትርጉም ስላለው ነው። የምለው ሌላ ነው። ከተሞቻችን ውስጥ ሁሉም ሰው ፊቱን ሳያጨማድድ አጠገቡ ሊቀመጥ የሚችልበት፣ ልጁ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው የታሪክ ክስ ሳያነሳ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ሊመልስለት የሚችልበት አንድ የቆመ ነገር ያስፈልገናል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነገር ከብረት ቢሠራ፣ ቅርጹ ረቂቅ (ብዙዎቻችሁ አብስትራክት የምትሉት) ቢሆን፣ ቦታውም ከሸጎሌ በላይ ያለው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል ቢሆን የሚል ነው።

ገና ከአሁኑ «ፈረንጅ ልታመጣብን ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አስተያየት መስጫው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ።

ረቂቅ ቅርጽ ለዚህ አገር ባዕድ ነው የሚለው ነገር እውነት አይደለም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ሂዱና ጢያ ላይ ቁሙ። በ1972 በዩኔስኮ የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። አብዛኞቹ ላይ ሰይፍና ሌላ ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የምልክቶቹ ትርጉም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ሆኖም የአካባቢው ሰው ከብት እያገደ፣ ቱሪስቱ ፎቶ እያነሳ፣ ሁሉም በየፊናው ሲያያቸው ይኖራል። ትርጉሙ ስላልታወቀ ማንም አላፈረሰውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ደግሞ በጥምቀት የሚወጣውን የመስቀል ዓይነት ተመልከቱ። አንዱ መስመር ከሌላው ሥር ገብቶ፣ ተጠላልፎ፣ ተመልሶ ወደ ራሱ ሲመጣ፣ ያ የብረትና የናስ ሠሪ የሰው ፊት ሳይሠራ ነው ሰው የሚያንበረክክ ነገር የሠራው። የሐረር የስፌት ሰው፣ የዶርዜ ሸማኔ፣ የሽሮ ሜዳ ጥበብ ሠሪ ቅርጽን ከቅርጽ ጋር ሲያጋጥም ኖሯል። ጥለቱን አይቶ «ይሄ የምን ሥዕል ነው?» ያለ ሰው አላየሁም። ያምራል ይባላል፣ ይለበሳል።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 የፈረንሳዩ ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው። ለገሃር ካለው ጋር አወዳድሩት። የለገሃሩ አንበሳ ጡንቻው፣ ጋማው፣ ዘውዱ ሁሉ በየቦታው የተቀመጠ ነው። የቴአትር ቤቱ ግን እንደ ግንብ ተደራርቦ፣ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ሆኖ፣ አንበሳነቱን በዝርዝር ሳይሆን በክብደቱ የሚናገር ነው። ከእውነተኛ አንበሳ ትንሽ ርቆ ወደ ንጹሕ ቅርጽ የተጠጋ ሥራ ነው። ዝርዝሩ ስላነሰ ፍቅሩ አላነሰም።

ሥዕሉ ላይማ ጉዳዩ ከ60 ዓመት በፊት የተነሳ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስና ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተነስቷል፣ ተከራክረውበታል። ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሥዕሉ ግን ግድግዳ ላይ፣ ጣራ ሥር ነው። ወደ ሙዚየም የሚገባው ሰው ስንት ነው? ብረቱ ውጭ መቆም አለበት የምለው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲመታው፣ ፀሐይ ሲያግለው፣ ወፍ ሲያርፍበት፣ የደከመው ሰው ሲደገፈው ነው ነገሩ የሕዝብ የሚሆነው።

በብረታ ብረት የተሠራ፣ በኢትዮጵያውያን እጅ የወጣ፣ ረቂቅም የሆነ ትልቅ የአደባባይ ሥራ አለን ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን ዋሽንግተን ነው። እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ እ.ኤ.አ. በ2001 ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የሠሩት «ኔክሰስ» የተባለው ሥራ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ15 ሜትር ያልፋል። የሃይማኖት ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ዕፅዋት ሁሉ አሉበት፤ ግን ሁሉም ተቀልጠው ወደ ቅርጽና መስመር ተለውጠዋል። አንዱ ምልክት የአንዱን ወገን፣ ሌላው የሌላውን ነው ብሎ ለመከፋፈል ያስቸግራል። ከበደች በሶማሊያ እስር ቤት አሥር ዓመት ያህል የቆየች ሰው ናት። ጦርነት ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ሰው ያንን መርጣለች። እስክንድር ሥራው ካለቀ በሁለት ዓመቱ አረፈ። አገሩን የሚወክል ትልቁን የብረት ሥራውን እዚያ ተወልን። እኛ የምናየው በስልክ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ብየዳው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገሬ እዚያ ነው።

የብረት ቅርጻ ቅርጽን በዓለም ላይ ትልቅ ካደረጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዴቪድ ስሚዝ ነው። የጀመረው ግን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1925 ክረምቱን ስቱድቤከር የመኪና ፋብሪካ ገብቶ ብረት ሲበይድና ሲያጣብቅ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በባቡር ፋብሪካ ውስጥ ታንክና ሎኮሞቲቭ ሲበይድ ሠርቷል። በኋላ ቦልተን ላንዲንግ በተባለ የገጠር ቦታ ተቀምጦ፣ የሠራቸውን ብረቶች ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ እንደ ዘር እየተከለ ይደረድራቸው ጀመር። በረዶ ሲጥልባቸው፣ ሣር ሲበቅልባቸው ነበር የሚያያቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 በመኪና አደጋ ሲሞት ሜዳው በብረት ተሞልቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነዚያ ውስጥ 13ቱን ስቶርም ኪንግ የተባለ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ያለ ሰፊ የአትክልት ሙዚየም ገዛቸው። ያ ቦታ ዛሬ ሰው ቀኑን ሙሉ በሣር ላይ እየተራመደ ብረት የሚያይበት ነው።

የፋብሪካ በያጅ የነበረ ሰው ማለት ነው እንግዲህ። ሸጎሌ ላይ ብዛት ያላቸው በያጆች አሉ። የአውቶቡስ ዴፖ ባለበት፣ ጋራዥ በተደረደረበት ሰፈር ላይ ብረት የማያውቅ እጅ ሳይሆን ብረት የሚፈልግ ሐሳብ ነው የጠፋው።

ነገር ግን ብረት ሠሪን እንዴት ስናይ እንደኖርን መደበቅ የለብንም። ቀጥቃጭ ብለን ሰድበናል፣ ቡዳ ብለን ሸሽተናል፣ ማዕዳችንን ከልክለናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የደረሰ ነገር ነው። ማረሻውን፣ ጦሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል የሠራልን ሰው ነበር ያ የተሰደበው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስቲ አሁንም ከተማችን ውስጥ ከቆሙት ሥራዎች ሥር ያለውን የእብነ በረድ ጽሑፍ አንብቡ። የመረቀው ባለሥልጣን ስም በትልቁ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የሠራው ሰው ስም ስንቱ ላይ አለ?

ዛሬ በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር ትንንሽ አረንጓዴ ቦታዎች ተሠርተዋል፣ ፏፏቴ አለ፣ መብራት አለ፣ መቀመጫ አለ። መቀመጫው በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ተቀምጬበታለሁ። ከቤቱ የተነሳ ጎረቤት ያለኝ ሰው ነኝና የልማቱን ሌላ ገጽ ረስቼ አይደለም የምጽፈው። «ሰው ከሰፈሩ እየተነሳ፣ የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነክቶ፣ አንተ ስለ ብረት ቅርጽ ታወራለህ?» የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። መልሴ አጭር ነው። ለጌጥ የሚወጣው ገንዘብ እየወጣ ነው። ጥያቄው ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚል ቢሆን እኔም አይውጣ ልል እችል ነበር። ከወጣ ግን ለማን እጅ፣ ለምን ዓይነት ሥራ የሚለውን መጠየቅ መብታችን ነው። አሁን በየከተማው የምናየው በአብዛኛው ሻጋታ ያወጣው ነገር ነው። ጀበና፣ ስኒ፣ ዋልያ፣ ርግብ፣ አንበሳ። ጀበና ጠልቼ አይደለም፤ ቤቴ ውስጥ ሁለት አለኝ። ጀበናውን አንድ ጊዜ አይተህ «ጀበና ነው» ብለህ ታልፋለህ። በነጋታው ስትመጣም ጀበና ነው። ከአምስት ዓመት በኋላም ጀበና ነው። የጋሼ ብረት ግን በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን የተጎነበሰ ሰው፣ አንድ ቀን የተሰበረ ዛፍ፣ አንድ ቀን ምንም።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ላይ የሆነውን ላንሳ። ፒካሶ 15 ሜትር ከፍታና 162 ቶን ክብደት ያለው የብረት ሥራ ለከተማዋ በስጦታ ሰጠ። ሲገለጥ የከተማው ሰው ሳቀ፣ ተሳደበ። አንዱ ወፍ ነው አለ፣ ሌላው ሴት ናት፣ ሌላው ውሻ ነው፣ ዝንጀሮ ነው ያለም ነበር። ፒካሶ ምን እንደሆነ አልተናገረም። ዛሬ የከተማዋ ምልክት ነው። ልጆች በግርጌው ላይ ይንሸራተቱበታል። ያንን ብረት ቆርጠው የገጣጠሙት ጌሪ በምትባል ከተማ ያሉ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለድልድይና ለሕንጻ የለመዱት እጃቸው ነው ፒካሶን የሠራው።

ያልተሳካም አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ኒው ዮርክ ላይ ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 37 ሜትር የሚረዝም የብረት ግድግዳ በአንድ የመንግሥት ሕንጻ ፊት ለፊት አቆመ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ ዞረው መሄድ ነበረባቸው። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ተቃወሙ፣ ችሎት የመሰለ ስብሰባ ተካሄደ፣ በ1989 ብረቱ ተቆርጦ ተነሳ። ሴራ ታላቅ ሠዓሊ ነበር፤ ሰዎቹም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ አደባባይህን ዘግቶ የቆመ ግድግዳ የቱንም ያህል ጥበብ ቢሆን ግድግዳ ነው። አደባባይ ሳይሆን የአትክልት ቦታ የምለው በዚህም ምክንያት ነው። አትክልት ቦታ ሰው ፈልጎ ይሄዳል፣ ካልፈለገ ሌላ መንገድ አለው።

የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን ያላያችሁ ካላችሁ አንድ ቅዳሜ ውጡ። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር የማያንስ ኮረብታ ነው። ባሕር ዛፉን እየቀነሱ አገር በቀሉን እየመለሱ ነው። ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ። ከዚያ ከፍታ ላይ ወደ ታች ሸጎሌን፣ ወደ ደቡብ ከተማዋን በሙሉ ታያላችሁ። እንግዲህ ቀይ ቡናማ የሆነ ዝገት የለበሰ ብረት በወይራ አረንጓዴ መሐል ቢቆም ብላችሁ አስቡት። ቢጫው የመስከረም አደይ አበባ በሥሩ ሲወጣ ደግሞ ምን ሊመስል እንደሚችል።

ዝገቱን በተመለከተ የሚነሳው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ተራ ብረት የአዲስ አበባን ክረምት ሦስት ወር ጠጥቶ ሲከርም ዝገቱ እየተላጠ ውስጡን ይበላዋል። ጋሼ አንቲረስት የሚቀቡት ለዚህ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ በየጊዜው መታደስ አለበት። ኮርተን የሚባለው የአረብ ብረት ዓይነት ግን መዳብ፣ ክሮምና ኒኬል ስላለበት የላይኛው ዝገቱ ጠንክሮ እንደ ቆዳ ይሸፍነዋል፣ ውስጡን ይጠብቃል። እሱም የሚወደው ረጥቦ መድረቅን ነው። ውኃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ቦታ ካለው ወይም ግርጌው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ ኮንክሪት ላይ መታሰር፣ ውኃው ወርዶ የሚሄድበት መንገድም ሊኖረው ይገባል። ኮርተን ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። እኔ ግን ለመጀመሪያው ሥራ ከውጭ መምጣት አለበት ብዬ አላምንም። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሰበሰበውን የተጣለ ኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ ዓለም የሚያየው ሥራ አድርጎታል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ የሠሩት ዞማ ሙዚየም ደግሞ ጭቃና ጭድ፣ ተክልና ጥበብ በአንድ ግቢ ሊኖሩ እንደሚችሉ ከ2011 ጀምሮ እያሳየን ነው። የተጣለ የመኪና ሻንሲ፣ የምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ፣ የፈረሰ ቤት ፌሮ አለን። ጥሩ ቀለምና የሚከታተል ሰው ይፈልጋል እንጂ ዶላር አይፈልግም።

ከዝገቱ የባሰው ሌባው ነው። የኤሌክትሪክ ማማ ብረት እየተፈታ በሚሸጥበት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን በሌሊት በሚነሳበት፣ የባቡር ኬብል በሚቆረጥበት ከተማ ውስጥ ሁለት ቶን ብረት ኮረብታ ላይ አቁመን ብንሄድ እስከ መስቀል ይቆያል ብሎ የሚወራረደኝ የለም። ጥበቃ አለው፣ አጥር አለው ትሉኛላችሁ። ማማውም ጥበቃ ነበረው። በእኔ ግምት የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ልጅ «ይሄን አንጎላሬ የበየድኩት እኔ ነኝ» ካለ። የራሱን እጅ ሥራ ሊፈታ የሚመጣን ሌባ የሚያይ በያጅ ዝም አይልም። ስለዚህ ሥራው በውድድር ወጥቶ፣ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚወጡ ቀራጺዎች ሐሳቡን አምጥተው፣ ብየዳው እዚሁ ሸጎሌና አዲሱ ገበያ ባሉ ቤቶች ቢሠራ፣ የበያጆቹ ስም በሙሉ በብረቱ ላይ ቢቀረጽ እላለሁ። የመራቂው ስም ባይጻፍ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ሲቀየር መፋቅ ስለማያስፈልግ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳብ ስነግረው የመለሰልኝ ነገር ግን እስከ አሁን ይከነክነኛል። «መሸሽ ነው» አለኝ። «ሰው ሞቶ፣ ከተማ ፈርሶ፣ ታሪክ ተደብቆ ባለበት አገር ምንም የማይናገር ብረት ማቆም ዝም ማለት ነው። ገዥ ሁሉ የሚወደው ዝምታ ነው።»

ከፊሉ እውነት ነው። የሞተ ሰው ስሙ ይጻፍ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይቁም፣ የቀይ ሽብር ሰለባዎች አጽም ይታይ። ረቂቅ ብረት የእነዚህ ምትክ ነው ያለ ሰው ካለ እኔም እቃወመዋለሁ። ቢሆንም እነዚህን ሐውልቶች ስንገነባም ስናፈርስም የኖርነው፣ ሌላ አጠገብ ለአጠገብ የምንቀመጥበት ነገር ስላልነበረን ይመስለኛል። ለወዳጄ ይህን ብነግረው አልተቀበለኝም። እሱ የቆመ ነገር ሁሉ መናገር አለበት ባይ ነው። ሳንስማማ ቡናችንን ጨርሰን ተለያየን፣ እሱ ወደ ፒያሳ፣ እኔ ወደ ሸጎሌ።

ባለፈው ሳምንት ያው የበር ማጠፊያ ተሰብሮብኝ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ነበር። ኮባው አለ። ጥጉ ላይ አዲስ ቱቦ ቆሟል፣ ወገብ ድረስ ደርሷል፤ አንድ ፌሮና አንድ የላሜራ ቁራጭ ተለጥፎበታል፣ ብየዳው ገና የጀማሪ ነው። ይህንን የጻፍኩላችሁን በሙሉ ነገርኳቸው፤ ኮረብታውን፣ ውድድሩን፣ ስማቸው እንደሚቀረጽ። ግራይንደሩን አጥፍተው በጸጥታ ሰሙኝ።

«ስንት ሜትር ነው የሚቆመው?» አሉኝ።

«ስድስት ሊሆን ይችላል» አልኳቸው፣ ከአፌ እንደመጣልኝ።

ወደ ኮረብታው ቀና ብለው አዩ። «እዚያ ላይ ነፋስ አለ፣ ልጄ። ስድስት ከሆነ መሠረቱ ሁለት ሜትር መቆፈር አለበት። ድንጋይ ካገኘን ደግሞ ብሎኑ ከድንጋዩ ጋር ነው መታሰር ያለበት» አሉና ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የላሜራ ቁራጭ ላይ መሣል ጀመሩ።